የመነኮሰው ድንኳን

ሰው ሚስቱን ለማሞቅ ምን ያህል ይደክማል? እኔ የደከምኩትን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ ሚስቶቻችሁን ጠርታችሁ «ይኸው ስሙ፤ እኛ ምን አጎደልንባችሁ?» ትላላችሁ። ሁለቱም አይከፋኝም። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የሚሳቅብኝ ነገር ደግሞ እንዳይባክን እፈልጋለሁ።

ሥራዬ ድንኳን መስፋት ነበር። ከተማው እንጦጦ ተራራ ላይ ሲቆረቆር እኔም መርፌዬንና ወስፌዬን ይዤ ከቤተ መንግሥቱ ሰው ጋር ወጣሁ። ባለቤቴን አስካለንም ይዣት ወጣሁ። አስካለ የከሰም ቆላ ልጅ ናት። በአገሯ ሰው የሚማረረው በሙቀት ነው፤ ብርድ የሚባለውን ነገር ልጅ ሆና የምታውቀው በወሬ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ወስጄ ደመና ላይ አስቀመጥኳት።

የእንጦጦን ነፋስ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሌላ አገር ነፋስ በበር ይገባል፣ በበር ይወጣል። የእንጦጦ ነፋስ ግን አብሮ ነዋሪ ነው፤ ማዕድ ሲቀርብ ይቀመጣል፣ ስትተኙም መሐል ገብቶ ይተኛል። ጽዱና ወይራው ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ ስላለቀ የሚገታውም አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት የአስካለ ጉልበት አበጠ። ጠዋት ጠዋት የቤቱን ምሰሶ ተደግፋ ነበር የምትነሣው። እየሳቀች ትነሣ ስለነበር መጀመሪያ ነገሩን አቀለልኩት።

አንድ የኅዳር ጠዋት ግን ሳትስቅ ተነሣች።

«ለጥምቀት ወንድሞቼ በቅሎ ይዘው ይመጣሉ» አለች። «አብሬያቸው እወርዳለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ቀን የለውም። ይህ ተራራ እኔን አይፈልገኝም።»

እኔ ልከተላት አልችልም፤ ለቤተ መንግሥት ያደረ ሰው ስፌቱን ጥሎ የት ይሄዳል? ተጣልተን ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ጠብን ሽማግሌ ያበርደዋል። ጉልበትን ግን ማን ያስታርቀዋል? ያለ እሷ ያንን ቤት ሳስበው ልቤ ክፉኛ ደነገጠ።

በዚያው ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ደጅ ወጣን። ታች ሜዳው ላይ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ነጭ ጢስ ይትጎለጎላል።

«ያ የሚጨሰው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እረኞች እሳት አንድደው ነው።»

«በየቀኑ? እዚያው ቦታ?»

«እረኛ ልማዱ ነው» አልኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው አገጬን ወደ ላይ አንሥቼ።

እናንተ ጢሱ ምን እንደሆነ ሳታውቁት አልቀራችሁም። እኔ ግን አላወቅሁም ነበር፤ እንዲያውም ያን መልስ በመስጠቴ ቀኑን ሙሉ ኮርቼ ዋልኩ።

እንግዲህ አሰብኩ። ቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የማይገኝ ዘር የለም፤ አርመን አለ፣ ግሪክ አለ፣ ፈረንጅ አለ፣ ከወሎና ከሐረር የመጣ ነጋዴ አለ። ሁሉም በየአገሩ ይታጠባል፤ ሁሉም ደግሞ የአገሩን መታጠቢያ ሲያነሣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ከነዚህ አንዱ የአስካለን ጉልበት ሳይፈታው አይቀርም፤ ካልሆነም ሁሉንም ተራ በተራ እቤቴ ሠርቼ እሞክራለሁ አልኩ።

የጀመርኩት ከአርመኑ ነው። ብር ሠሪ ነበር።

«ቤት ትዘጋለህ» አለኝ። «ድንጋይ ታግላለህ፣ ውሃ ታፈስበታለህ። ሰው ላብ በላብ ሲሆን በሻካራ ጨርቅ ትፈትገዋለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እድፉ እየተጠቀለለ እስኪወድቅ።»

ቀላል ነው አልኩ። የጣራውን ቀዳዳ ሁሉ በጭድና በቡትቶ ደፈንኩ። ድንጋዮቹን እሳት ውስጥ አግዬ መሐል ቤት ከመርኳቸው፤ አስካለን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ውሃውን ለቀቅሁት። ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ፤ እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ። አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ «እፎይ» አለች። ያን ስሰማ ወኔ መጣልኝና ማቄን አንሥቼ ጀርባዋን ያዝኩት።

«አንተ ሰው» አለች ከጉሙ ውስጥ፣ «ቆዳ ነው የምትፍቀው ወይስ ሚስት?»

እውነቷን ነው፤ እጄ የለመደው የድንኳን ጠርዝ የሚሆን ቆዳ ነበር። ቀስ ልል ስል አንዱ ድንጋይ እንደ ጠመንጃ ጮሆ ተሰነጠቀ። ደንግጬ የቀረውን ውሃ በሙሉ ደፋሁበት። ያን ጊዜ ነው ግድግዳው የተነፈሰው።

ግድግዳዬ እንደማንኛውም ግድግዳ በጭቃና በጭድ የተመረገ ነበር። አርመኑ በአገሩ ቤቱ በድንጋይ እንደሚሠራ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ምርጊቱ እንፋሎቱን ጠጣ ጠጣና ወደ መንገዱ ያለው ጎን በሙሉ ዘጭ ብሎ ወረደ። የቀረው እንጨቱ ብቻ ነው፤ በእንጨቶቹ መሐል ደግሞ መንገዱ ወለል ብሎ ታየ። መንገዱ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ቄሶች ቆመዋል። አስካለ ጋቢው ውስጥ ጠለቀች። እኔ ወገቤን በነጠላ አስሬ፣ ማቅ በእጄ ይዤ፣ እንደ ጉድ ቆምኩ።

«እንዴት አደራችሁ?» አሉ አንደኛው ቄስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

ሌላ ምን ይባላል? ግድግዳውን መልሼ እስክመርግ ስምንት ቀን ፈጀ። በነዚያ ቀናት ነፋሱ ያለ ምንም ከልካይ ሲመላለስ ሰነበተና የአስካለ ጉልበት ከቀድሞው ባሰ።

ሁለተኛው መምህሬ አንድ ፈረንጅ አናጢ ነበር። በአስተርጓሚ ነው ያነጋገርኩት። በየማለዳው ገንዳ ውስጥ ገብቶ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚታጠብ ነገረኝ።

«ብርድን በብርድ?» አልኩ።

አስተርጓሚው ጠይቆ መለሰልኝ፤ «ደም ያሯሩጣል ይላል።»

ግድግዳው ከወረደ ወዲህ አስካለ ሌላ ሰው ሳይሞክረው ምንም አልነካም ብላ ነበርና ራሴ ልሞክረው ወሰንኩ። ቤት ውስጥ ገንዳ የለንም። ቤታችን አጠገብ ባለው ምንጭ ግን የቤተ መንግሥቱ በቅሎዎች የሚጠጡበት ከግንድ የተፈለፈለ ረጅም ገንዳ አለ። በታኅሣሥ ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ልብሴን አውልቄ ገባሁበት። ፈረንጁ አልዋሸም፤ ደሜ ሮጠ። ወዴት እንደሮጠ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እግሬን አጣሁት፣ ቀጥሎ ወገቤን አጣሁት። ልነሣ ብል ከአንገቴ በታች የሚታዘዘኝ ጠፋ። በዚህ መሐል በቅሎዎቹ ለመጠጣት መጡ። አንዷ ትከሻዬን አሸተተች፣ ጥቂት አመነታች፣ ከዚያ አጠገቤ መጠጣት ጀመረች።

ያወጡኝ ኦቦ ጉደታ ናቸው። ኦቦ ጉደታ ከየካ በኩል ማገዶና ሣር ጭነው የሚያመጡልን ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገሩታል። በብብቴ ይዘው ጎትተው አወጡኝና ቡሉኮአቸውን ደረቡልኝ።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አሉኝ። ቅጣት መስሏቸዋል።

«መ… መድኃኒት ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

«የሚስቴ ጉልበት ታሟል።»

ኦቦ ጉደታ ገንዳውን አዩ። እኔን አዩ። ዙሪያውን ደግሞ ቃኙ። «ሚስትህ የት አለች?»

«ቤት።»

«እህ» አሉ። «ስማኝ ልጄ፤ የሚሞቅ ውሃ ታች ፊንፊኔ አለ። ሳይጥዱት እየፈላ ከመሬት ይወጣል። እኛ አጥንታችንን ሲያመን እዚያ ገብተን እንቀመጣለን። ከብቶቻችንም አጠገቡ ያለውን ውሃ ይወዱታል።»

እኔ የበቅሎ ለሃጭ ትከሻዬ ላይ ሳይደርቅ ክብሬ ተነካ።

«ኦቦ ጉደታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ የቤተ መንግሥት ሰው ነኝ። ሚስቴን ከብት የሚጠጣበት ቦታ አላወርድም።»

ኦቦ ጉደታ በቅሎዋን አዩአት። በቅሎዋም አየቻቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቡሉኮአቸውን እንኳ ሳይቀበሉኝ ሄዱ።

እቤት ስገባ አስካለ ቀሚሶቿን እያጠፈች አቁማዳ ውስጥ ትከታለች። ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ቀርቷል።

«እስቲ በቃህ» አለችኝ፣ እጄን ይዛ እያሻሸች። «ለእኔ ብለህ ልትሞት ነው። በደህና ልሂድ፣ በደህና ተቀመጥ።»

እኔ ግን አልበቃኝም። ሆዴ ባብቶ ነበር፤ ሆዱ የባባ ሰው ደግሞ ምክር አይሰማም። በቀጥታ ወደ እመት ዘሀራ ሄድኩ። እመት ዘሀራ ወሎዬ ናቸው፤ የበቅሎ ነጋዴ ሚስት፣ የአጥር ጎረቤታችን። ነገሩን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«አንት ሞኝ፣ አርመንና ፈረንጅ ዘንድ ስትዞር እኔ አጥር ሥር ነበርኩ እኮ! እኛ አገር ሙሽራ ወይባ ትሞቃለች፣ አራስ ወይባ ትሞቃለች። ጉድጓድ ትቆፍራለህ፣ የወይባ እንጨት ታጨሳለህ፣ ሴቲቱ ከላይ ትቀመጣለች፣ ከአንገቷ በታች በወፍራም ነገር ትሸፍናታለህ። ብርድ የሚባል ነገር አጥንቷ ውስጥ አይቀርም።»

ከቆላ ያስመጡትን እንጨት በእቅፍ ሰጡኝ። የቀረኝ ወፍራም መሸፈኛ ነበር። ጋቢያችን ሳስቷል፤ የኦቦ ጉደታን ቡሉኮ ላጨስበት አፈርኩ። እቤቴ ውስጥ ወፍራም ነገር የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ለጥምቀት ግብር የሚተከለው የትልቁ ድንኳን አንዱ ጎን። ተቀዶ ልጥፈው አምጥቼው ነበር። እንደ ወተት የነጣ፣ ድርብ ሸማ። አያችሁ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው አልኩ። ጢስ እኮ ነፋስ ላይ ሲሰጣ ይለቃል አልኩ። ሰው ራሱን ለማሞኘት ሲፈልግ አንደበቱ እንዴት ይፈታል!

ድንኳኑን በካስማ ወጥሬ አስካለን ውስጡ አስቀመጥኳት። ጭንቅላቷ ብቻ ከላይ ወጥቶ ይታያል። ስታልብ፣ ስታዜም፣ ስትሰድበኝ ቆየች። መሐል ላይ ሽታውን ተከትለው ሦስት ጎረቤቶች ገንፎ ይዘው መጡ፤ «ወለደች እንዴ? ሳንሰማ!» እያሉ። ማንም አለመውለዱን ሲያውቁ ቅር አላቸው፤ ገንፎውን ግን በላነው። በማግሥቱ አስካለ ምሰሶውን ሳትይዝ ተነሣች። ሳትይዝ! መሐል ቤት ቆማ ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ እያደረገች አየችኝ። ስለዚህ በማግሥቱም ደገምን። በሦስተኛውም ደገምን።

በአራተኛው ቀን ቁርጥማቱ ተመልሶ መጣ። እንጨቱም አለቀ። ድንኳኑን ለማስጣት ወደ ፀሐይ አወጣሁት። ነጩ ሸማ ቢጫ ሆኗል። ልክ የመነኩሴ ልብስ ነው የሚመስለው፤ ቆብ ብቻ ነው የጎደለው። አጠብኩት፣ በእንዶድ አሸሁት፣ በፀሐይ ሰጣሁት። በታጠበ ቁጥር ቀለሙ ይበልጥ ይፈካል። ነፋስ ላይ ቢሰጣም ሽታው አልለቀቀም፤ ጭራሽ ነፋሱ ራሱ ወይባ ወይባ ሸተተ። በጥምቀት ዋዜማ የድንኳን ተካዮቹ መጡና ጠቅልለው ወሰዱት። «በጥቅሉ ውሰዱት፣ አትዘርጉት፣ አቧራ ይነካዋል» አልኳቸው።

በጥምቀት ዕለት መኳንንቱ ለግብር ተቀመጡ። ድንኳኑ ሦስት ጎን ነጭ፣ አንድ ጎን ቢጫ ሆኖ ቆመ። እኔ ከምሰሶ ጀርባ ተደብቄያለሁ። ሰዉ ሲሞላና ውስጡ ሲሞቅ ሽታው ነቃ። መጀመሪያ አንዱ አፍንጫውን አነሣ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። አንድ ግዙፍ የወሎ ባላባት የያዙትን ሥጋ እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑና «እናቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ደግሞ «ማነው የወለደው?» እያሉ ይጠያየቁ ጀመር።

የድንኳን አለቃዬ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ቁጡ ሽማግሌ፣ ቢጫውን ጎን ዳሰሱት። አሸተቱት። ከዚያ ያለሁበትን ምሰሶ ትክ ብለው አዩት።

«ና ውጣ» አሉኝ። «ይህ ድንኳን መቼ ነው የመነኮሰው?»

መሬት ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አርመኑን፣ ግድግዳውን፣ ቄሶቹን፣ ገንዳውን፣ በቅሎዋን፣ ወይባውን። «ነገ ሚስቴ ትሄዳለች ጌታዬ» አልኩ መጨረሻ ላይ። «ሌላ ሰበብ የለኝም።» ከዚያ የወሎው ባላባት ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ሌላውም ተከተለ።

አለቃዬ ግን አልሳቁም። ወገባቸውን ደግፈው አሰቡ።

«ቅጣትህን ስማ» አሉ። «ታች ሜዳው ላይ ከመሬት የሚፈላ ውሃ አለ እየተባለ ነው። ጌቶች ወርደው ሊያዩት ይፈልጋሉ፤ እኔም ብሆን ይህ ወገቤ… አንተ ነገ ይህንን ጉድህን ተሸክመህ ትወርዳለህ፤ ውሃው ዳር ተክለህ፣ እዚያው እየጠበቅህ ትቀመጣለህ። ና እስክልህ ድረስ ዓይንህን እንዳላይ።»

ከቤተ መንግሥቱ ወደ ሜዳ፣ ከሰው ወደ ከብት! ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን የማስበው ስለ አስካለ ብቻ ነበር። ሁለቱ ወንድሞቿ በቅሎ ላይ አወጧት፤ አቁማዳዋ ተጫነ። እኔ ቢጫውን ድንኳን ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ፤ እስከ ሜዳው መንገዳችን አንድ ነው።

ሜዳው ስንደርስ ያ ነጭ ጢስ ቀረበን። እረኛም እሳትም የለም። ውሃ ነው፤ ከጭቃው መሐል እየተንቦቀቦቀ ይጨሳል። ኦቦ ጉደታ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ለብ ወዳለው ኩሬ ነክረዋል። አዩኝ። የተሸከምኩትን አዩ።

«መጣህ?» አሉ።

አስካለ በቅሎዋን አስቆመች። «እስቲ አውርዱኝ» አለች ወንድሞቿን፤ «እግሬን ነክሬው ልሂድ።» ኩሬውን እንዲከልልላት ድንኳኑን ተከልኩላትና ገባች። እኛ አራት ወንዶች ውጭ ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። ጠበቅን። ወንድሞቿ ፀሐይዋን አዩ፣ በቅሎዎቹን አዩ። እኔ ካስማውን ብቻ እያየሁ በውስጤ እጸልይ ነበር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ድምፅዋ መጣ። «አንተ!»

«አቤት!»

«እረኞች እሳት አንድደው ነው ያልኸኝ፣ ይህን ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ከዚያ ሳቋን ሰማሁት፤ ድሮ ምሰሶውን ይዛ የምትስቀው ዓይነት አልነበረም፤ ከሆዷ የሚወጣ፣ የቆላ ሳቅ ነበር።

«ወንድሞቼ፣ ጭነቱን አውርዱት» አለች። «አንተም እንግዲህ ከእረኞችህ እሳት አጠገብ ቤት ሥራልኝ።»

ፊቴ በእንባ ሲሞላ እንፋሎቱ ነው ብዬ በእጄ ጠረግሁት። ኦቦ ጉደታን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ቦታው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የእሳቸው ሰዎች መዋያ ነው።

«ኦቦ ጉደታ፣ የዚያን ቀን የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ። እዚህ ብንቀመጥ ምን ይሉናል?»

«ተቀመጡ» አሉ። «ውሃው ለሁሉም ይበቃል። ብቻ የከብቶቹን መንገድ እንዳትዘጋ።»

ዞሬ አየሁ። ድንኳኔ ልክ መንገዱ መሐል ቆሟል፤ ከበስተጀርባው ሃያ የሚሆኑ ላሞች ተደርድረው በትዕግሥት ይጠብቁናል።

አስካለ እስክትወጣ ጠበቅሁና ካስማዎቹን ነቅዬ ድንኳኑን አምስት እርምጃ ወደ ግራ ተከልኩት። ላሞቹ አልፈው ሄዱ። እኛ ግን ከዚያ ቦታ እስከ ዛሬ አልተነሣንም።